ለቪጋ የተሰቀለ ባንዲራ

ትሮልስ የትንፋሽ አስተማሪ ነው። አዎ፣ የትንፋሽ። ሰው ሁሉ ከእናቱ ሆድ እንደወጣ ማንም ሳያሳየው የሚጀምረውን ነገር፣ እሱ የመሥሪያ ቤት አለቆችን ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው አስተኝቶ «አሁን ወደ ውስጥ… አሁን ወደ ውጭ» እያለ ያስተምራል። እነሱም ሲጨርሱ ተነሥተው ያመሰግኑታል። ሲግኔ የዚህ ሰው ሚስት ሆና በኖረችበት ዘመን ቆሻሻ ሲደፋ አንድም ቀን አላየችውም፤ ሲተነፍስ ግን ብዙ ጊዜ አይታዋለች።

ፍቺያቸው ጩኸት አልነበረበትም። እዚያ አገር ሰው ሲፋታ እንኳ ወንበር ስቦ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ተራውን ጠብቆ ነው። አንድ ልጃቸው ቪጋ ስቬንቦርግ በምትባል የወደብ ከተማ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ አንዳንድ ቅዳሜና እሑድን፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ የዕረፍቷን እኩሌታ ከአባቷ ጋር እንድታሳልፍ ተስማሙ። ሌላም ተስማሙ፦ ልጅቷን የያዘ ሰው የት እንደምታድር ለሌላው ይናገራል፤ ትቷት ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ከሆነም አስቀድሞ ሌላውን ወላጅ ይጠይቃል። ይህን ያመጣው ትሮልስ ራሱ ነው፤ ያን ጊዜ ሲግኔ ልጅቷን ይዛ ኖርዌይ ወዳለች እህቷ ልትሄድ አስባ ነበርና። «ግልጽነት ለልጅ ኦክስጅን ነው» አለ፣ መዳፉን ሆዱ ላይ አስቀምጦ።

ሐምሌ ላይ፣ እዚያ አገር በጋ ነው፣ ቪጋን ሊወስድ ሲመጣ ግን ኦክስጅኑ አልቆበት ነበር።

«ወዴት ናችሁ?» አለች ሲግኔ የልጅቷን ቦርሳ እያቀበለችው።

«ስዊድን። ጫካ። ድንኳን።»

«ስዊድን የት?»

«ስዊድን ሰፊ አገር ናት እኮ፣ ሲግኔ።»

«ስለሰፋች እኮ ነው የምጠይቅህ።»

ትሮልስ ዓይኑን ጨፈነ። ትልቅ ነገር ሊናገር ሲል መጨፈን ልማዱ ነው። «ትከሻሽን እይው፣ ጆሮሽ ጋ ደርሷል። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ናት፣ በቃ። ቁጥጥሩን ልቀቂው። ተንፍሺ።»

ሲግኔ ተነፈሰች። የተነፈሰችው ግን በትምህርቱ ውስጥ ያለውን ዓይነት አልነበረም። ቪጋ ከኋላ ወንበር ሆና እጇን አወዛወዘች፤ መኪናው ከመታጠፊያው ተሰወረ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም። ቀናት ካለፉ በኋላ አንድ ፎቶ መጣ፤ ዛፍ ነው። ልጅ የሌለበት፣ ድንኳን የሌለበት፣ ዘመድ አዝማድ የሌለው ብቸኛ ዛፍ። ከሥሩ «እዚህ ነን» ይላል። ሲግኔ «አመሰግናለሁ፤ የትኛው ዛፍ?» ብላ ላከችለት። ዛፉም ሰውዬውም አልመለሱላትም።

ሲግኔ የመርከብ ሸራ ሰፊ ናት። ወደቡ ዳር ባለው ሰፊ አዳራሽ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የተቀደደ ሸራ ስትጠግን ትውላለች። እጇ ይሠራል፣ ሐሳቧ ግን ስዊድን ጫካ ውስጥ ዛፍ ለዛፍ ይዞራል። ልጄ ዛሬ የት ነው የተኛችው? ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። ከእሷ ጋር ትሁን አላለችም። ዕረፍቱን ላበላሽበት አላለችም። አልጋዋ የት እንደሆነ ይነገረኝ ነው ያለችው። ይህን ለማወቅ የሚለምን ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሚሆን ያየችው በዚያ ሰሞን ነው፤ ያሳነሳት ደግሞ ትንፋሽ የሚሸጥ ሰው መሆኑ ያንገበግባት ነበር።

የልጆች ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ደወለች። እዚያ ያለችው ልጅ ድምፅዋ እንደ ማር ነው። «ይገባኛል» አለቻት። «በጣም ይገባኛል።» ገብቷት ሲያበቃ፣ ክፍሉ ሰው የሚያነጋግረው ከበጋው ዕረፍት በኋላ መሆኑን ነገረቻት። ሲግኔ ከበጋው ዕረፍት በኋላማ ልጅቷ የት እንዳለች ታውቃለች፤ ትምህርት ቤት ነዋ!

የትሮልስ እናት ጋም ደወለች። ኬቲ ሁምሎ በምትባል ትንሽ ደሴት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። እዚያ አገር አንቱታ ለቤተ መንግሥት ብቻ ስለቀረ፣ ሲግኔ አማቷንም በስሟ ነው የምትጠራት።

«ኬቲ፣ ከትሮልስ ሰምተሻል?»

«አየሩ ግን እንዴት ነው እናንተ ጋ?» አለች ኬቲ።

«ደህና ነው። ቪጋ ያለችበትን ታውቂያለሽ ወይ?»

«እዚህ ነፋስ አለ። የምዕራብ ነፋስ። እንጆሪዬን ወፍ ጨረሰው ቢባል አይገልጸውም።»

ሲግኔ ስልኩን ዘግታ ትንሽ አሰበች። ኬቲ ውሸት የማትችል ሴት ናት፤ ውሸት ሲመጣባት የአየር ጠባይ ወሬ ውስጥ ትገባለች። ባሏ ዶክተር የከለከለውን ሲጋራ ጓሮ ያጨስ በነበረ ጊዜም እንዲሁ ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የምታወራው። ሆኖም ነፋስና እንጆሪ ይዞ ማንን መክሰስ ይቻላል?

የቪጋ ልደት ደረሰ፤ ሰባት ዓመት። ሲግኔ ለልጇ እንኳን አደረሰሽ የምትልበት ቁጥር ሳይኖራት ጠዋት ወደ ሥራዋ ሄደች። ሸራው ላይ እንደተንበረከከች ስልኳ ጮኸ። ትሮልስ መስሏት አፈፍ አደረገችው። ፕሬበን ነበር፤ ከኬቲ ቤት ፊት ለፊት የሚኖረው፣ ድሮ የመሻገሪያዋ ጀልባ ሠራተኛ የነበረው ሽማግሌ።

እንዲህ ይላል መልእክቱ፦ «ለቪጋ ልደት እንኳን አደረሳችሁ! ኬቲ ባንዲራ ስትሰቅል አየሁና ልደቷ መሆኑ ትዝ አለኝ። መኪናሽን ግን ወደቡ ላይ አላየሁትም። በብስክሌት መጣሽ እንዴ?»

ሲግኔ ደጋግማ አነበበችው። እዚያ አገር በሰው ግቢ ባንዲራ የሚሰቀለው ለልደት ነው። የኬቲ ልደት በየካቲት ነው። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። ትሮልስ የተወለደው በኅዳር ነው፣ ያውም በጭጋግ ቀን። በዚያ ግቢ፣ በሐምሌ ወር፣ በዚህ ቀን ባንዲራ የሚሰቀልለት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ስዊድን ጫካ ውስጥ ላለ ልጅ ሁምሎ ላይ ባንዲራ አይሰቅልም፤ ባንዲራ ባለልደቱ ባለበት ቤት ነው የሚሰቀለው።

መርፌዋን ሸራው ላይ እንደተሰካ ትታ ተነሣች።

ወደ ሁምሎ የምታሻግረው ጀልባ ላይ ሆና ለትሮልስ ደወለች። ልደት ስለሆነ ይሁን፣ ዛሬ ስልኩ ጠራ።

«ሲግኔ!» አለ፣ እንደ ዘይት በለሰለሰ ድምፅ። «እንኳን አደረሰን። አሁን እሳት አንድደን ቁርስ እየበላን ነው። ከጎኔ ናት።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

«አሁን… አሁን ሐይቅ ውስጥ ገባች።»

ቁርስ ትበላ የነበረች ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሐይቅ ገባች። የትንፋሽ አስተማሪ ነውና ይችላል።

«ሐይቁ ስሙ ማን ነው?» አለች ሲግኔ።

«እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው እኮ እኛን ያፋታን» አለና ዘጋው።

የደሴቲቱ ወደብ እየቀረበ ሲመጣ ሲግኔ ዕቅድ አወጣች። ልጅቷን ታነሣለች፣ በዚህችው ጀልባ ትመለሳለች፣ ከዚያም ኖርዌይ እህቷ ጋ። ለትሮልስ ደግሞ የድንጋይ ፎቶ ትልክለታለች። «እዚህ ነን።» ድንጋይ ለድንጋይ ሲዞር ይክረም! ይህን ስታስብ ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። ክፉ ነገር ሲታቀድ እንደሚጣፍጠው ሲፈጸም አይጣፍጥም እንጂ።

ፕሬበን ወደቡ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ብስክሌቱስ?» አላት።

«ዘግይቶብኝ ነው፣ ፕሬበን። ባንዲራህ ግን በሰዓቱ ደርሶልኛል።»

«የእኔ አይደለም፣ የኬቲ ነው» አለ ሽማግሌው፣ ምን እንዳደረገ ሳይገባው።

የኬቲን ቤት ለማግኘት መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ቀዩ ባንዲራ በነጭ ምሰሶ ላይ ሆኖ ነፋሱን ጠጥቶ ተወጥሯል፤ ከባሕር ላይ ይታያል። በዚያ ቢበቃ ጥሩ። ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ትንንሽ የወረቀት ባንዲራዎች ተተክለዋል። አውሮፕላን ለማሳረፍ የተዘጋጀ ይመስላል። ልጅን መደበቅ እንዲህ ነው ለካ!

ኬቲ ሽርጥ አድርጋ፣ ክሬም የምትመታበትን ዕቃ እንደያዘች በሩን ከፈተች። ፊቷ ነጣ።

«ሲግኔ… ነፋሱ ዛሬ…»

«ነፋሱን ተይው፣ ኬቲ። የት ናት?»

ከወጥ ቤት በኩል እየሮጠ የመጣ ነገር ነበር። ቪጋ ናት፤ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ አፏ ዙሪያ ክሬም። ልትጠመጠምባት ደርሳ ድንገት ቆመችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማ! ማን ነገረሽ? እኔ አልተናገርኩም! ተሸነፍኩ እንዴ?»

«ምኑን?»

«ጨዋታውን ነዋ። አባባ ነው ያመጣው። የት እንዳለሁ እማ ካላወቀች ጥንቸል ይሰጠኛል። ካወቀች የለም።» የአፏን ክሬም በእጇ ጠረገች። «ስምም አውጥቼላት ነበር።»

ሲግኔ ከዚያች ሰዓት በፊት ትሮልስን ትጠላው ነበር። አሁን ግን ጥላቻው እንደ ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ቆይቶ ውሃው አለቀና ከታች ንቀት ብቻ ቀረ። የሚጠሉት ሰው ቢያንስ ቁመት አለው። ከእናቷ መደበቅን ለሰባት ዓመት ልጅ በጥንቸል የሚገዛ ሰው ግን ጎንበስ ካላሉ አይታይም። ተንበርክካ ልጇን አቀፈች።

«አልተሸነፍሽም፣ የኔ እናት። ጥፋቱ የጨዋታው ነው። እኔ የት እንዳለሽ ማወቄ ጨዋታ አይደለም። አባባም ማወቁ፣ እንደዚያው።»

ኬቲ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሳትጠየቅ ተናዘዘች። ትሮልስ ከሊቭ ጋር፣ አዲሷ ሴት ናት፣ ግሪክ አገር ቀርጤስ ሄዷል። ልጅቷን ያስቀመጣት ከሲግኔ በተቀበላት ማግስት ነው። ከበጋ በኋላ የቪጋን ጊዜ እኩል ለእኩል እንካፈል ብሎ ሊጠይቅ ስለሆነ፣ ትቷት መሄዱ እንዲሰማበት አልፈለገም።

«ሲግኔ ካወቀች ትወስዳታለች፣ አንቺም ዳግም አታያትም አለኝ» አለች ኬቲ። «ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ፈራሁ። አልዋሽም አልኩት። እሺ አትዋሺ፣ ዝም በዪ አለኝ።»

«እና ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ» አለች ኬቲ፣ ክሬሙን እያየች። «አፍሬያለሁ።»

ይህን ስትል ጠረጴዛው ላይ ያለው ታብሌት መጥራት ጀመረ። ትሮልስ ነው፤ ለቪጋ ልደት። ጠረጴዛው መካከል ለልጅ ልደት በሰው ቅርጽ የሚጋገረው የኬክ ሰውዬ በጀርባው ተኝቷል፦ ጸጉሩ ጥቁር ከረሜላ፣ አዝራሮቹ ባለቀለም፣ እጆቹ ሆዱ ላይ። ሲግኔ አንዴ አየችውና ከማን ጋር እንደሚመሳሰል ለመናገር አፈረች። ከጠረጴዛው ዳር፣ ታብሌቱ በማያይበት በኩል ተቀመጠች። «አንሺው፣ ቪጋ። አባትሽ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ትሮልስ በራ። ትከሻው ፀሐይ ልሶት ቀልቷል። ከኋላው ሰማያዊ መዋኛ ገንዳ፣ ከገንዳው ዳር ዣንጥላ። ለስዊድን ጫካ ትንሽ ዛፍ አነሰው።

«የኔ ልዕልት! እንኳን አደረሰሽ! ጨዋታው እንዴት ነው? ዛሬ እማ ደውላልኝ ነበር እኮ። ሐይቅ ውስጥ ነሽ አልኳት!» ሳቀ። «አመነች!»

ቪጋ አልሳቀችም። አባቷን አየች፣ ዞራ እናቷን አየች። ሲግኔ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ወደ ስክሪኑ ገባች።

«ውሃው ይቀዘቅዛል?» አለችው።

ያ ሁሉ አለቃ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ይህን ባየ! የትሮልስ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ገባ፤ ወደ ውጭ አልወጣም። ሊቭ ከኋላ ሆና «ማን ናት?» ስትል ተሰማ። «የቪጋ እናት ናት እንዴ? ታውቃለች፣ ተስማምታለች አላልከኝም?»

«እናቴ!» አለ ትሮልስ፣ ወደ ሊቭ ሳይዞር። «ነገርሻት!»

«እኔ?» አለች ኬቲ። «አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«ታዲያ በምን አወቀች?»

ኬቲ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሁሉም ዞሩ። ባንዲራው ከውጭ ጠብ! ጠብ! እያለ ይመታል።

«ባንዲራ ሰቀልሽ?» ድምፁ ቀጠነ። «ደብቂያት ብዬሽ ባንዲራ ትሰቅያለሽ?»

«ልደቷ እኮ ነው!» አለች ኬቲ፣ ለምን ትበያለሽ እንደተባለ ሰው ግራ ገብቷት። ከዚያ ወገቧን ቀና አደረገች። «ደግሞ ልጅቷን ደብቂ አልከኝ እንጂ ልደቷን ደብቂ አላልከኝም። በዚህ ግቢ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላት ባንዲራ ሳይወጣ አያውቅም፤ ላንተም ወጥቷል፣ እንዲህ እንደምትሆን ሳላውቅ።»

ትሮልስ ወደ ሲግኔ ተመለሰ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን የጨፈነበትን ትልቅ ነገር ያጣው ይመስላል። «አሁን ወስደሽ ልትደብቂያት ነው» አለ። «አውቅሻለሁ። ኖርዌይ ትወስጃታለሽ።»

ጀልባዋ ላይ የጣፈጣት ዕቅድ ሲግኔ አፍ ውስጥ ዞረ። እንኳን ኖርዌይ፣ የድንጋዩን ፎቶ ሳይቀር መርጣ ነበር። ቪጋ በሁለት እጇ ቀሚሷን ይዛ የእናቷን አፍ አፍ ታያለች፤ ጨዋታው ቀጠለ ወይስ አለቀ የሚለውን ለማወቅ። እሷ ድንጋይ ከላከች ልጅቷ ያለ ጥንቸል ሌላ ጨዋታ ጀመረች ማለት ነው። ከእሱ ጋር እኩል መሆን! ያ ውርደት ራሱ አስጠላት።

«ስማኝ፣ ትሮልስ። እንዲህ ነው የሚባለው፤ ከባድ አይደለም። ቪጋ ዛሬ የምታድረው እዚህ ነው፣ እናትህ ቤት፣ ወደቡን በሚያየው የላይኛው ክፍል። እኔም አብሬያት ነኝ። ነገ በቀትሩ ጀልባ ተሻግረን ስቬንቦርግ ቤታችን እንገባለን፤ እስክትመለስ እዚያ ናት። ስትደውል ታነሣለች። አየህ? ሳልተነፍስ ጨረስኩት።»

«ሲግኔ…»

«እኩል ለእኩሉን ደግሞ ስትመለስ፣ ወንበር ስበን ውሃ ቀድተን እንነጋገርበታለን። ሐይቁንም ይዘህ ና።»

ሊቭ ከኋላ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ትሮልስ ሊመልስላት ሲዞር ኬቲ ታብሌቱን ቀስ ብላ በፊቱ ደፋችው። «ወጥ ቤቴ ውስጥ ብዙ ነፋስ ገባ» አለች።

ቪጋ ቢላዋ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። የኬክ ሰውዬው አንገት ሲቆረጥ ሁሉም መጮህ አለበት፤ ደንብ ነው። ኬቲ ጮኸች፣ ቪጋ ጮኸች። ሲግኔ ግን ያን ያህል ስትጮህ ኬቲ እንኳ ደንግጣ አየቻት። አንገቱ ወደቀ። ሲግኔ አንድ እጁን በላች፤ ሆዱ ላይ የነበረውን። ጣፋጭ ነበር።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ባንዲራውን ማውረድ ግዴታ ነውና ሦስቱም ወጡ። ኬቲን የምሰሶው ገመድ አልፈታ አላት። ሲግኔ ተቀብላ ፈታችው፤ ገመድ ከሸራ ሰፊ እጅ አያመልጥም።

«ሲግኔ» አለች ኬቲ ወደ ላይ እያየች። «ከዛሬ ወዲያ… ትመጣ ይሆን?»

«ትመጣለች። ስትመጣ ግን እኔ አውቃለሁ። አንቺም ስትፈልጊያት ለእኔ ትደውያለሽ፣ ስለ አየሩ ሳይሆን።»

ኬቲ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ባንዲራው ወረደ። መሬት እንዳይነካ ቪጋ በሁለት እጇ ከታች ተቀበለችው፣ ፊቷ እስኪሸፈን።

«ጥንቸሏስ?» አለች ከባንዲራው ውስጥ።

«እሷን ከአባትሽ ጋር ትጨርሳላችሁ» አለች ሲግኔ። «ቃል የገባው እሱ ነው።»

ልጅቷ ስትተኛ ውጭው ገና ብርሃን ነበር። ሲግኔ አልጋው አጠገብ ቆማ ፎቶ አነሣች፦ ቪጋ፣ ትራሱ፣ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ባሻገር ባዶው ምሰሶና ወደቡ። ለትሮልስ ላከችው። ልጅ ያለበት ፎቶ። ከሥሩ «እዚህ ነን» አለችው።

ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ፤ መዳፍ ለመዳፍ የተገጠመ የሁለት እጆች ሥዕል። ያ ብቻ። ሲግኔ አየችው፣ ስልኩን አጠፋችና ሄዳ ከኬቲ ጋር ዕቃ አጠበች።